የክረምቱ እበት

ሠርካዲስ የምትሠራበት ክፍል «የአፈር ጥናት» ይባል እንጂ እሷ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ጭብጥ አፈር እንኳ በእጇ ነክታ አታውቅም ነበር። ሥራዋ ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣውን ቅጽ ተቀብሎ መለየት፣ ደምሮም በሰንጠረዥ መገልበጥ ነው። በ1972 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ላይ አለቃዋ አቶ ዓምሃ ሁለት ካርቶን ሙሉ ወረቀት አሸክመው መጡና ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡላት።

«ይኼኛው የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት የተሞላ ነው። ይኼኛው ደግሞ የዘንድሮ» አሏት። «ጥያቄው አንድ ነው። ገበሬው የከብቱን እበት ምን ያደርገዋል? እርሻው ላይ ይበትነዋል ወይስ ያነደዋል? አውራጃን ካውራጃ፣ ያኔን ካሁን አስተያይተሽ አንድ ጥሩ ሰንጠረዥ ታወጪልኛለሽ።»

ሠርካዲስ ሳቋን ዋጥ አደረገች። አቶ ዓምሃ ምኑ እንዳሳቃት አላወቁም፤ እሷም አልነገረቻቸውም። እናቷ ወይዘሮ ብርቅነሽ ጉለሌ ውስጥ አራት ላሞች አሏቸው። ወተት ይሸጣሉ፤ ስማቸው የሚነሳው ግን በወተቱ ሳይሆን በኩበታቸው ነው። አዲሱ ገበያ ላይ «የብርቅነሽ ኩበት ነው» ከተባለ ገዢ አይከራከርም። ገለባው የተመጠነ፣ ጠፍጠፍ ብሎ በሁለት ወገን የደረቀ፣ ሲነድ ዓይን የማያስለቅስ ነው። ሠርካዲስ ከቄስ ትምህርት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የተማረችው በዚያ ኩበት ነው። ልጅ ሳለች አብረዋት የሚማሩት «ጥፍጥፍ» እያሉ ያበሽቋት ስለነበር መሥሪያ ቤት ከገባች ወዲህ የእናቷን ሥራ ለማንም ተንፍሳ አታውቅም።

ቅጾቹን ማገላበጥ ስትጀምር ግን ሥራው ያዛት። ከወለጋ የመጡት ገበሬው በረቱን ከቦታ ቦታ እያዞረ፣ ከብቱ ያደረበትን መሬት ቀጥሎ እንደሚያርሰው ይናገራሉ። ከቡታጅራ ወዲያ ካለው የእንሰት አገር የመጡት ያኔም አሁንም መልሳቸው አንድ ነው፤ እበቱ በሙሉ እንሰቱ ሥር ይገባል። ከመንዝና ከወሎ ደጋ የመጡት ግን ተለውጠዋል። አንድ የመንዝ መንደር ላይ እጇ ቆመ። በአሮጌው ቅጽ ላይ ጸሐፊው በሚያምር እጅ «እንጨት ቅርብ ስለሆነ እበቱን ለገብሱ እናወጣለን» ብሏል። በአዲሱ ላይ፣ እዚያው መንደር፣ ሌላ ሰው በእርሳስ «ሁሉም ለምድጃ። እንጨት አልቋል» ብሎ ጽፏል። ሠርካዲስ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጠች። አሥራ አምስት ዓመት በሁለት መስመር አለቀ።

አንድ ቀዳዳ ግን ነበረ። ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ አንድም ቅጽ አልመጣም።

«መረጃ የለም በይና እለፊው» አሉ አቶ ዓምሃ።

«እኔ ልሙላው?» አለች ሠርካዲስ፤ ቃሉ ሳታስበው ነው የወጣው። «ማለቴ... ሰፈራችን ከብት አለ። ጉለሌ።»

አቶ ዓምሃ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋትና ባዶ ቅጽ ቆጥረው ሰጧት።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ መልስ የጀመረችው ከገዛ ቤቷ ነው። እናቷ ግቢው ውስጥ እጅጌያቸውን ሰብስበው እበት ከገለባ ጋር እያሹ ነበር።

«ስም?» አለች ሠርካዲስ።

«ስሜ ጠፋሽ?»

«እማዬ፣ እንደ ወጉ ነው የሚሞላው። የከብት ብዛት?»

«አራት። ሻሼን እንደ ሁለት ከቆጠርሻት አምስት።» ሻሼ በሆዷና በአመሏ የታወቀች ጥቁር ላም ናት።

«እበቱን ምን ታደርጊዋለሽ?»

ወይዘሮ ብርቅነሽ ቀና አሉ። «አንቺን አስተምሬበታለሁ» አሉና ወደ ማሸታቸው ተመለሱ።

ቅጹ ለእንዲህ ያለ መልስ ቦታ አልተወም ነበር። ሠርካዲስ ከጎኑ በትንሹ ጻፈችው።

ከዚያ ወደ አባባ ዱጉማ ዘንድ ሄደች። አባባ ዱጉማ ጉለሌ ከተማ ሳይሆን ማሳ ሳለ እዚያው የተወለዱ ሽማግሌ ናቸው። ከድንጋይ አጥራቸው ሥር ፀሐይ እየሞቁ አገኘቻቸው። መጀመሪያ ወረቀቱን ሲያዩ ግብር መስሏቸው ፊታቸውን አዞሩ። ስለ እበት መሆኑን ሲሰሙ ግን በትራቸውን አንስተው ቁልቁል አመለከቱ።

«ያ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይታይሻል? የአባቴ የገብስ ማሳ ነበር። በረቱን በየአሥር ቀኑ እንነቅልና ራቅ አድርገን እንተክለዋለን። ከብቱ ያደረበትን ስናርሰው ገብሱ ሰው ይውጥ ነበር።»

«ለምን ቀረ ታዲያ?»

«መሬቱ ጠበበ። ጥዱ አለቀ። በኋላ ባሕር ዛፍ መጣ፤ ለባሕር ዛፉም ዘበኛ መጣለት። ሴቶቹ ምን ያድርጉ? እበቱን ወደ ምድጃ ወሰዱት። አልፈርድባቸውም፤ ጥሬ አይበላ።»

ሠርካዲስ እንደሰማችው ጻፈች። የመንዙ ሰው በእርሳስ የጻፈው ነገር እዚሁ ከደጃቸው ተደርጎ ኖሯል።

መጨረሻ ላይ ወደ ዊንጌት በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለው ወደ አቶ ሙዘይን ሱቅ ገባች። አቶ ሙዘይን ከቡታጅራ በኩል መጥተው ጉለሌ ከተቀመጡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ከብት የላቸውም፤ ስለዚህ ልትጠይቃቸው ሳይሆን ሳሙና ልትገዛ ነበር የገባችው። ወረቀቱን አይተው ምን እንደሆነ ሲጠይቋት ነገረቻቸው።

«እበት ያነዳል ወይ?» ብለው ሳቁ። «እኛ አገር ኩበት ለሚያነድ ቤት ልጅ አይድሩለትም። ነይ ላሳይሽ።»

በሱቁ ጀርባ በኩል ወደ ጓሯቸው አወጧት። ከአንድ ክፍል ቤት በማይበልጥ መሬት ላይ ሰባት እንሰት ጆሮውን ዘርግቶ ቆሟል። ከሥሩ ጎመኑ ከጉልበቷ በላይ ነው። ሠርካዲስ እዚያው ሰፈር አድጋ ይህን ጓሮ አይታው አታውቅም ነበር።

«ጋሼ ሙዘይን፣ ከብት የለዎት። ፍጉን ከየት አመጡት?»

«ከእናትሽ ነዋ» አሉ። «ክረምት ክረምት ኩበት አይደርቅላት። ዝናብ ነው። ወንዝ ልትጥለው ስትል በጆንያ እወስዳለሁ። ጉድጓድ ውስጥ ከነገለባው አበሰብሰዋለሁ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።»

ሠርካዲስ ሳሙናዋን ረስታ ወጣች። ልጅ ሳለች ሐምሌና ነሐሴ እበቱን በባልዲ እየተሸከመች ወንዝ የምትደፋው እሷ ራሷ ነበረች። አራት ላም፣ ሁለት ወር ሙሉ። ከዚያም የሰፈሩን ከብት በሙሉ በልቧ አሰበችው።

ነገሩ በዚህ ቢቀር ለሰንጠረዡ በቂ ነበር። ነገር ግን የቀበሌው የልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ ጓድ ወልዱ ወሬውን ሰሙ።

ጓድ ወልዱ ደህና ሰው ናቸው፤ ቶሎ ይቸኩላሉ እንጂ። ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ የቀበሌው የአትክልት ቦታ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥቅል ጎመን ተተክሎበት ሁለት ዓመት ሙሉ ከቡጢ የማይበልጥ ቢጫ ነገር ነው የወጣው። ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው የመጣው ገምጋሚ ቡድን ባለፈው ጊዜ ጎመኑን አይቶ «ጓድ፣ ይኼ ቃሪያ ነው?» ብሎ ስለጠየቃቸው ቁጭቱ አልለቀቃቸውም። በሰኔ የመጀመሪያው እሑድ ስብሰባ ላይ ተነሡና እንዲህ አሉ።

«ጓድ ሠርካዲስ ባደረገችው ሳይንሳዊ ጥናት መሠረት አፈራችን የራበው እበት ነው። ስለዚህ ከብት ያለው ነዋሪ ሁሉ ከነገ ጀምሮ እበቱን በሙሉ ለኅብረት እርሻው ያስረክባል።»

አዳራሹ ውስጥ ሴቶቹ ባንድ ላይ መናገር ጀመሩ። ወይዘሮ ብርቅነሽ ከመካከላቸው ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ጓድ ወልዱ፣ የእርስዎ ቤት እንጀራ በምን ይጋገራል?»

«ያው... በማገዶ።»

«በእኔ ኩበት ነው። ባለቤትዎ ባለፈው ማክሰኞ ወስደዋል። ከነገ ጀምሮ በምን ሊጋገርልዎ ነው? በጎመን?»

ሰዉ ሳቀ፤ ጓድ ወልዱም አፈሩ። ስብሰባው ጉዳዩን ለሁለት ሳምንት አስተላልፎ ተበተነ። ወይዘሮ ብርቅነሽ ግን አልሳቁም። ቤት ሲደርሱ ለልጃቸው ምሳ አቅርበው እሳቸው ሳይበሉ ተቀመጡ።

«ወረቀትሽን ይዘሽ ቤት ለቤት የዞርሽው ይኼን ልታመጪብኝ ኖሯል?»

«እማዬ፣ እኔ እንዲህ አላልኩም።»

«ስምሽን ጠርቶ ነው የተናገረው። የኩበቱ ነገር እንደሚያሳፍርሽ ዱሮም አውቃለሁ። ግን በስብሰባ ታስወስጂብኛለሽ አላልኩም።»

ሠርካዲስ ምሳውን ገፋ አደረገች። ማፈሯን እናቷ ያውቃሉ ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ሁለት ቀን በአንድ ጣሪያ ሥር እያደሩ «ብዪ»ና «ደረስሽ?» ከማለት በስተቀር አልተነጋገሩም። በሦስተኛው ቀን ሠርካዲስ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን አወለቀች፤ የቤት ቀሚሷን ለበሰች፤ ከእናቷ ጎን ተቀምጣም እጇን እበቱ ውስጥ ከተተች። ከአሥር ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። መዳፏ ግን አልረሳውም፤ የመጀመሪያዋ ጥፍጥፍ ክብ ሆና ወጣች።

«ገለባ አነሳት» አሉ እናቷ ሳያዩዋት።

ሠርካዲስ ጨመረችና «የበጋው የአንቺ ነው» አለች። «ማንም አይነካውም። እኔ የምለው ስለ ክረምቱ ነው። ወንዝ ስለምንደፋው።»

ወይዘሮ ብርቅነሽ ቀጥለው ጠፈጠፉ።

«አንድ አገር ሁሉንም ያነዳል፤ መሬቱ ይራባል። አንድ አገር ሁሉንም ለመሬት ይሰጣል፤ እነሱ እንጨት አላቸው። እኛ እንጨትም መሬትም የለንም። ግን ክረምት አለን። በክረምት የማይደርቀው ጉድጓድ ገብቶ ይበስብስ፤ በበጋ የሚደርቀው ምድጃ ይግባ። ጋሼ ሙዘይን ይኼን ሲያደርጉ ሃያ ዓመታቸው ነው፤ ያውም በአንቺው እበት።»

«ለዚያ ነው እንዴ ጆንያ ይዞ የሚመጣው? እኔ ደግሞ ለቤቱ ልስን ይሆናል ብዬ» አሉ ወይዘሮ ብርቅነሽ። ጥቂት አሰቡና «ጉድጓዱን ማን ይቆፍራል?» ሲሉ ጠየቁ።

ሠርካዲስ እናቷ እንደታረቋት በዚህ ጥያቄ አወቀች።

በሚቀጥለው ስብሰባ ንግግሩን ያደረጉት ወይዘሮ ብርቅነሽ ናቸው። ቀበሌው ጉድጓድ ይቆፍራል፤ የክረምቱን እበት ከየቤቱ ተሸክሞ የሚወስደውም ራሱ ነው፤ የበጋውን አይነካም። በዚያ ላይ አንድ ነገር ጨመሩ። «ጎመኑ ሲደርስ ከገምጋሚው በፊት እበት የሰጠ ይቅመስ።» ጓድ ወልዱ በደስታ እጃቸውን ቀድመው አወጡ።

ጉድጓዱ በሰኔ ማብቂያ ተቆፈረ። አቶ ሙዘይን ሱቃቸውን ለሚስታቸው ለቡርቱካን ትተው ሱሪያቸውን ጠቅልለው ገቡበት። እበት፣ ገለባ፣ የምድጃ አመድና የጎመን ቅጠል እየደረቡ ከላይ አሮጌ ቆርቆሮ አለበሱት። አንድ ወር ያህል ሰዉ በዚያ በኩል ሲያልፍ አፍንጫውን እየያዘ ነበር። ጥቅምት ላይ ሲገልጡት ግን ሽታው ጠፍቷል። ጥቁር ነው፤ በእጅ ሲጨብጡት ይበተናል። አቶ ሙዘይን ጭብጥ አድርገው አሸተቱና «ወላሂ፣ አገሬ ደረስኩ» አሉ።

አባባ ዱጉማ ግን በትራቸውን ተደግፈው ቆመው በዚህ ሁሉ አልተደሰቱም።

«ይኼ ሁሉ ጉድጓድ፣ ይኼ ሁሉ ሸክም ለምን? ላሟን እዚያው ብታሳድራት ራሷ ታመጣው የለም?»

«አባባ፣ እንሞክረዋ» አለች ሠርካዲስ። «ሁሉንም እንሞክር።»

በመሥሪያ ቤቷ ሰንጠረዥ ላይ በአራት ዓምድ የለየቻቸውን አገሮች በቀበሌው መሬት ላይ አራት መደብ አደረገቻቸው። በአንደኛው፣ እበቱ ሁሉ ለምድጃ እንደሚሄድበት እንደ መንዙ፣ ምንም አልገባበትም። በሁለተኛው የኩበት አመድ ብቻ ተበተነ። በሦስተኛው የአቶ ሙዘይን የበሰበሰ ፍግ ገባ። አራተኛው የአባባ ዱጉማ ነው፤ ኅዳር ላይ በእንጨት ታጥሮ የወይዘሮ ብርቅነሽ ላሞች አሥር ሌሊት አደሩበት፤ ከዚያ ተቆፈረ። ወይዘሮ ብርቅነሽ የአሥሩን ሌሊት እበት ለምርምር ሲለቁ ቅር እያላቸው ነበር። ግን በየማለዳው መጥተው መደቡን ሳያዩ አይሄዱም።

ታኅሣሥ ላይ ጎመኑ በአራቱም መደብ አንድ ቀን ተተከለ። ከወር በኋላ ልዩነቱን ለማየት መነጽር አያስፈልግም ነበር። ባዶው መደብ ያው የዱሮው ቢጫ ነው። አመድ ያገኘው ትንሽ ቀና ብሏል። የአቶ ሙዘይንና የአባባ ዱጉማ ግን ቅጠሉ ሰፍቶ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ እርስ በርሱ ይጋፋል። ሁለቱ ሰዎች ጠዋት ጠዋት እየተገናኙ ይነታረካሉ።

«የእኔ ይበልጣል» ይላሉ አቶ ሙዘይን።

«የአንተ ወፍሯል፤ የእኔ ጠንክሯል» ይላሉ አባባ ዱጉማ።

ሠርካዲስ በየሳምንቱ በማስመሪያ እየለካች ትጽፋለች። አንዱ ሳምንት አንዱ ይበልጣል፤ ሌላው ሳምንት ሌላው። ወይዘሮ ብርቅነሽ «ሁለቱንም ያመጡት የእኔ ላሞች ናቸው» ብለው ክርክሩን ይዘጋሉ።

ገምጋሚው ቡድን በመጋቢት አጋማሽ፣ ቅዳሜ ጠዋት እንዲመጣ ተቆረጠ። ጓድ ወልዱ አጥሩን በኖራ አስቀቡ። ጽሕፈት ቤቱን አሳጠቡ፤ ካኪ ልብሳቸውንም አስተኮሱ። በዚያው ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሻሼ ገመዷን በጥሳ ወጣች።

መጀመሪያ ያዩዋት አባባ ዱጉማ ናቸው፤ ሠርካዲስን ሲያስጠሯት ሰዉ ሁሉ ተከትሏት መጣ። ሻሼ በመደቦቹ መካከል ቆማ ታመነዥካለች። አጥሩን የገባችው በባዶው መደብ በኩል ነበር፤ ኮቴዋ ይታያል። ባዶውን መደብ አቋርጣ አልፋለች፤ አንድ ቅጠል እንኳ አልነካችም። ከአመዱ መደብ ሁለት ሦስት ጎመን ቀማምሳ ትታለች። ከአቶ ሙዘይን መደብ የቀረ የለም፤ ግንዱ ብቻ ቆሟል። የአባባ ዱጉማን መደብ ደግሞ እኩሌታውን ጨርሳ ነበር የያዟት።

ጓድ ወልዱ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። በአንድ እጃቸው የተተኮሰ ሱሪያቸውን ጨብጠው «በሦስት ሰዓት ይደርሳሉ» እያሉ ደጋገሙ። ወይዘሮ ብርቅነሽ ሻሼን ገመድ አስገብተው እየጎተቱ «ምነው የእኔ እመቤት፣ ከአራት መደብ ለይተሽ» ይሏታል። አቶ ሙዘይን ሙልጭ ያለውን መደባቸውን ሲያዩ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ አባባ ዱጉማ ዞሩ።

«አባባ፣ የእኔን ነው ቀድማ የበላችው።»

«በመንገዷ ላይ ስለነበረ ነው» አሉ አባባ ዱጉማ።

ሠርካዲስ ይህን ስትሰማ ፈጥና ወደ ቤቷ ተመለሰች። ማስመሪያዋንና የሳምንቱን ልኬት የጻፈችበትን ደብተር ይዛ መጣች። ገምጋሚዎቹ፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት፣ ሲደርሱ ጓድ ወልዱ ተነሥተው አቧራቸውን አራገፉ፤ ነገር ግን ድምፃቸው አልወጣም። ሠርካዲስ ፊት ቀደመች።

«ጓዶች፣ ዛሬ ጠዋት ከእናንተ በፊት ሌላ ገምጋሚ መጥቶ ነበር» አለች። ከዚያም የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ አስረዳች፤ የትኛው መደብ ምን እንደገባበት፣ ከየትኛው አገር ልማድ እንደተወሰደ፣ ላሟ ከየት ገብታ ምኑን ትታ ምኑን እንደበላች። የቀረውን ግንድ በማስመሪያ ለካች። የባዶው መደብ ግንድ ጣት ያክላል። የአቶ ሙዘይን የሕፃን ክንድ ነው።

ሴትዮዋ ገምጋሚ ጎንበስ ብላ የሻሼን ኮቴ ባዶው መደብ ላይ አየችና መሳቅ ጀመረች። ሌሎቹም ሊቋቋሙት አልቻሉም። «ባለፈው ዓመት ከዚህ መደብ የቀመስኩት እኔ ነኝ» አለ አንደኛው ወደ ባዶው እያመለከተ፣ «ላሚቱ ከእኔ ትሻላለች።» ከዚያ ግን ደብተሩን ተቀብሎ ቁጭ ብሎ አንድ ሰዓት ያህል አነበበው። የክረምቱ እበት ነገር ሲገባው ከየት እንዳመጡት ጠየቀ። ጓድ ወልዱ ድምፃቸው ተመልሶ ነበርና «ሰፊው ሕዝብ ነው ያመጣው» አሉ። ወይዘሮ ብርቅነሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በተለይ ጓድ ብርቅነሽ» ብለው ጨመሩ።

ቀበሌው በዚያ ዓመት ከከፍተኛው ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ የወጣው ጎመኑ ያልተበላበት ቀበሌ ነው። ከአባባ ዱጉማ መደብ የተረፈው ጎመን በስምምነቱ መሠረት እበት ለሰጡት ታደለ፤ ለየቤቱ አንዳንድ ራስ ደረሰ። ወይዘሮ ብርቅነሽ ግን «ድርሻዎን ሻሼ ወስዳለች» ተብለው ነበር፤ ማታውን የአቶ ሙዘይን ሚስት ቡርቱካን ከራሷ ጓሮ ሁለት ራስ ይዛላቸው መጣች።

ሠርካዲስ ሰንጠረዡን ጨርሳ ለአቶ ዓምሃ ስታስረክብ ከመጨረሻው ገጽ ላይ ስለ ጉለሌ ሁለት ገጽ ተኩል ተቀጽሎ ነበር። አቶ ዓምሃ ቆመው ማንበብ ጀመሩ፤ መሐል ላይ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ይህች ብርቅነሽ የተባለችው ሴትዮ ማን ናት?» አሉ። «ኩበትን እንዲህ የምታውቅ ሰው አላየሁም። አብረሽ ነው የሠራሽው?»

«እናቴ ናት» አለች ሠርካዲስ። «ያሳደገችኝ ኩበት ሸጣ ነው።»

ይህን ስትል ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁለት ጸሐፊዎች ቀና አሉ። አንዷ፣ ሙሉ የምትባለው፣ «አዲሱ ገበያ ላይ ያሉት?» አለች። «እናቴ ከእሳቸው ሌላ አትገዛም እኮ።» ሠርካዲስ ደነገጠች፤ ከዚያ ሳቀች። ሦስት ዓመት ሙሉ አጠገቧ የተቀመጠች ልጅ ናት።

በ1974 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አቶ ዓምሃ ከቢሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መስክ ላኳት። የሄደችው ወደ ቡታጅራ በኩል ነው። አቶ ሙዘይን እናታቸው ዘንድ እንድታርፍ ደብዳቤ ጻፉላት፤ አንድ ኪሎ ስኳርና ሻማም አስያዟት። እናታቸው ወይዘሮ ጀዊሪያ ቀጭንና ፈጣን አሮጊት ናቸው። አማርኛ አያውቁም፤ ሠርካዲስም ቋንቋቸውን አታውቅም። የሰፈሩ አስተማሪ እያስተረጎመላት ቅጹን ስትጠይቃቸው ከሁለተኛው ጥያቄ በላይ አልታገሡም። ክንዷን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዷት።

እንሰቱ ከቤቱ ጀምሮ እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ወርዷል። ወይዘሮ ጀዊሪያ ከአንዱ ሥር ተንበርክከው የሠርካዲስን እጅ አፈሩ ውስጥ አስገቡትና ገፉት። አፈሩ ጥቁርና ለብ ያለ ነው፤ አልተቃወመም። እጇ እስከ ክርኗ ድረስ ገባ። አሮጊቷ የሆነ ነገር ተናገሩ።

«አማታቸውም፣ ከእሳቸው በፊት የአማታቸው አማትም እበት ሲያስገቡበት ነበር ይላሉ» አለ አስተማሪው። «አንድም ዓመት አላቋረጥንም ይላሉ። ደግሞ የአንቺ እናት ስንት ከብት አላት ይሉሻል።»

«አራት» አለች ሠርካዲስ እጇን ሳታወጣ።

ወይዘሮ ጀዊሪያ ራሳቸውን ነቀነቁና ሌላ ነገር አሉ። አስተማሪው ሳቀ።

«ለጥሩ ጓሮ ይበቃል ይላሉ።»